ዘጠነኛው የባቡር ዘፈን ባለቤት አለው

«ወንድም ጋሼ፣ ዘጠነኛውን ዘፈን የድሬዳዋ ነው ብለን አሳልፈነዋል። ደሴ ባቡር የላትም። ባቡር የሌለው ከተማ የባቡር ዘፈን አወጣ ብንል ሰው ይስቅብናል። ከሥሩ ‹ባለቤቱ ያልታወቀ› ብለን ጽፈንበታል። እማ እንደሆነች ለዚህ አትቀየምም።»

ይህ ጥቅምት 24 ቀን በቴሌግራም የላክህልኝ ቃል ነው። አንድ ፊደል አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም። አምስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከአምስቱ እውነት የሆነው ሁለተኛው ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለ ቀሩት አራቱ ነው።

ተቆጥቻለሁ ብዬ ግን ሰላምታ የምነፍግህ ወንድም አይደለሁም። አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ ካሊድ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ደረጃ ስወጣ ያመኛል ብለህ ነበር፤ ታየኸው ወይስ እንደ ልማድህ ቅባት ቀብተህ ዝም አልህ? ኅዳር ሲገባ የድሬዳዋ ሙቀት ትንሽ በረድ አለላችሁ? ሸሪፋ እንደምን ናት? ልጆቹስ ትምህርታቸውን ይዘዋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የደሴ ብርድ ጀምሮናል፤ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ሳልደርብ ከቤት አልወጣም። እማ አፊያ ናት። ሰማንያ ልትደፍን ነው፤ ዓይኗን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከታከመች ወዲህ ግን መርፌ ላይ ክር የምታስገባው ራሷ ናት። እኔ መነጽሬን ስፈልግ ትስቅብኛለች።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የላክኸውን ዝርዝር፣ አሥራ ሁለቱን ተወዳጅ የባቡር ዘፈኖች፣ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የባቡር ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ተሰባስባችሁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ልታሳትሙ መነሣታችሁ ያኮራኛል። ዕድሜህን ሙሉ ጣቢያ ላይ ትኬት ስትቆርጥ ኖረህ፣ ሰው ተሳፍሮ ሲሄድ የሚያንጎራጉረውን ሁሉ ጆሮህ ይዞ መቅረቱ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛውን፣ ባሏ ፍሬን ያዥ የሆነባት ሴት ልጇን ስታስተኛ የምትለውን፣ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ጣቢያዎቹን ከጅቡቲ ጀምራ አንድ በአንድ እየጠራች ባሏን ወደ ቤት ታመጣዋለች፤ ድሬዳዋ ስትደርስ ልጇ ተኝቷል። ይህን የገጠመች ሴት ስሟ ጠፍቶ መቅረቱ ያንገበግባል። ሰባተኛው፣ ጨርቁን ሁሉ በላይ በላዩ ለብሳ ለፈታሹ «ወፍራም ነኝ» የምትለው ነጋዴ፣ አስቆኛል። አሥረኛው ግን ደካማ ነው። የባቡሩን ፉጨት አሥራ አንድ ጊዜ ከመድገም በቀር የሚለው የለውም፤ ቆጥሬዋለሁ። ብታወጡት መጽሐፉ አይጎዳም።

ዘጠነኛው ላይ ስደርስ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ጥር 2009 ዓ.ም.፣ ልጄ ሰይድ ሙሽሪቱን ዊዳድን ሊያመጣ ኮምቦልቻ የወረድን ዕለት፣ አንተስ የት ነበርህ? አጠገቤ ቆመህ ስልክህን ከፍ አድርገህ ትቀርፅ ነበር። ዘፈኑን ድሬዳዋ ይዘኸው የሄድህ አንተ ነህ። በባልደረቦችህ ሰርግ ላይ ያስዘፈንኸውም አንተ ነህ። ዛሬ እዚያ ያሉ ሰዎች ስለሚያውቁት «የድሬዳዋ ነው» ትለኛለህ።

ልጆችህ እንዲያውቁት ወጉን ልጻፈው። በእኛ ዘንድ ሙሽራ ሊወስድ የመጣ ወገን በር ላይ ይያዛል። የሴቷ ወገን ሴቶች በግጥም ይነኩታል፤ የወንዱ ወገን ሴቶች በግጥም ይመልሳሉ። መልስ ያጣ ወገን ሙሽራዋን ከመውሰድ የሚያግደው የለም፤ አፍሮ ግን ይሄዳል። ልጅቷም «አፍ የሌላቸው ሰዎች ቤት ገባች» ስትባል ትኖራለች።

ያን ጊዜ ሐዲዱ እየተዘረጋ ነበር። እኔ በቅየሳው ሥራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስላገለገልሁ መስመሩ በኮምቦልቻ በኩል እንደሚያልፍና ደሴን እንደማይነካ ከብዙ ሰው ቀድሜ አውቅ ነበር። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ባቡር የሐረጎን ዳገት እንደ አይሱዙ እያቃሰተ አይወጣም። ይህን ሳስረዳ የሚሰማኝ የደሴ ሰው አልነበረም። ሻይ ቤት በገባሁ ቁጥር «ባቡሩን ያስቀረኸው፣ መጣህ?» ይሉኝ ነበር። እንግዲህ የኮምቦልቻ ሴቶች በዚያ ሰርግ ላይ ምን ይዘው እንደሚጠብቁን መገመት ነበረብን። በሩ ላይ የቆሙት የዊዳድ አክስት እትዬ አሚና ናቸው። ከበሮውን አስጀምረው እንዲህ አሉ፦

ባቡሩ ከእኛ ቤት ሊያድር ነው አሉ፣
እናንተ ከዳገት ጢሱን ተቀበሉ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከወንዶቹ መካከል ሆኜ «ባቡሩ የኤሌክትሪክ ነው፣ ጢስ የለውም» አልሁ። እማ ዘወር ብላ «ቀያሹ፣ አንተ ዝም በል። ጢስ የለውም ብዬ ልዝፈን?» አለችኝ። በእኔም ተሳቀ። ከዚያ ከበሮው ብቻውን ሲመታ ቆየ። እትዬ አሚና ከበራቸው ወጥተው መጡና እማን አቅፈው ሳሟት። ወዲያው እማ መለሰች፦

ባቡሩማ ደሴን መቼ ፈርቶ ቀረ፣
ጫማውን ሊያወልቅ ከደጇ አደረ።

ይህን ስትል የእኛ ወገን ብቻ ሳይሆን የኮምቦልቻም ሰው እልል አለ። እሷም ሳትለቅ ቀጠለች፦

ባቡሩን ያዙና ሙሽሪትን ስጡ፣
ከሐዲዱ ዳር ላይ ፉጨቱን አዳምጡ።

በሩ ተከፈተ። ዊዳድን ይዘን ወጣን። ይህ ነው እናንተ ያለ ባለቤት ያስቀራችሁት ዘፈን።

መልእክትህ እንደደረሰኝ ለዚህ ሁሉ ማስረጃ ማሰባሰብ ጀመርሁ። ያለ ምስክር እንደማትሰማኝ አውቃለሁና ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ወረድሁ። እትዬ አሚና እርጅናው ቢጫናቸውም ምላሳቸው እንደዚያው ነው። ነገሩን ስነግራቸው «አንተ ልጅ፣ አሁንም ቅየሳ ላይ ነህ?» አሉኝ። ምላሹ የእማ መሆኑን ይመስክሩልኝ ብላቸው «የጦይባ ነው እንጂ የማን ሊሆን ነው? እኔ ቆሜ ደሴን ላሞግስ?» አሉ። ጽፌ አነበብሁላቸው፤ ፈረሙ። በደስታ ተመለስሁ። ለሽንኩርት ዋጋ እንኳ «ወላሂ» የሚሉት ሴት ያን ቀን አንድም ጊዜ ወላሂ እንዳላሉ ልብ ያልሁት ቆይቼ ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን ለእማ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ይህን የፈረመችው አሚና ናት?» አለች። አዎ አልኋት። «አሚና ውሸታም ናት» አለችና ሳቋ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ከዚያ የነገረችኝን እንዳለ እጽፍልሃለሁ፦ «ያን ቀን ጢሱን ተቀበሉ ስትለን አፌ ደረቀ። ልጆቹ ከኋላዬ ከበሮ ይመታሉ፤ እኔ የምለው የለኝም። አሚና ፊቴን አየችው። ልትስመኝ መስላ መጥታ ጆሮዬ ላይ ‹ጫማውን ሊያወልቅ ከደጇ አደረ› አለችኝ። የላይኛውን መስመር እኔ ገጠምሁለት። የሙሽሪት የሚለው የራሴ ነው፤ እሱን ማንም አልሰጠኝም።» ዘጠኝ ዓመት ለምን ዝም አልሽ ብላት «ማን ጠየቀኝ? አሚናም አታውሪ አለችኝ። በሰርግ ላይ ሲሆን ጨዋታ ነው፤ በመጽሐፍ ሲሆን ግን የሰው መስመር አልወስድም» አለች።

አላመንሁም። የሰርጉን ቪዲዮ አውጥቼ አየሁት። ከዚህ በፊት ሃያ ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ፤ እትዬ አሚና እማን ሲስሟት መሸነፋቸውን አውቀው ነው ብዬ ስኮራ የኖርሁ ሰው ነኝ። አሁን ቀስ አድርጌ ሳየው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል። ሽቅቡንና ቁልቁሉን በሴንቲ ሜትር ስለካ የኖርሁት እኔ፣ በፊቴ የተደረገውን ሳላየው ቀርቻለሁ። አንተም የቀረፅኸው ካለህ እየው፤ ከሳሟት በኋላ እማ አንድ ጊዜ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ የላይኛውን መስመር እየገጠመች ነው።

ለእትዬ አሚና ደወልሁ። ሳልጨርስ «ጦይባ አፏን መያዝ አቃታት?» አሉኝ። ለምን እንደዋሹኝ ጠየቅኋቸው። «የወንድሜ ልጅ ናት እኮ የምትሄደው። መልስ ያጣ ቤት ልስደዳት?» አሉ። ወዲያው ደግሞ «የኮምቦልቻ ሰው ይህን ቢሰማ ለደሴ ያዋሰች ብሎ በገበያ አያሳልፈኝም» ብለው ሳቁ። ስምዎ ይጻፋል አልኋቸው። «እንግዲያው ጦይባን አስቀድም» አሉኝ። እማን ብጠይቃት «አሚናን አስቀድም» አለች። በዚህ ሲከራከሩ ዓመት ሊፈጅባቸው ስለሚችል እኔ ወስኛለሁ፤ ቀድመው የዘፈኑት እትዬ አሚና ናቸውና እሳቸው ይቀድማሉ።

ካሊድ፣ መጀመሪያ የጻፍሁልህን ደብዳቤ ቀድጄዋለሁ። እዚያ ላይ እማ ብቻዋን ነበረች፤ እኔም ስለ ልጇነቴ ስመካ ነበር። አሁን የበለጠ እኮራለሁ። እናቴ በሰው ፊት የመጣላትን ምስጋና በሰማንያ ዓመቷ ከፍላ የምትመልስ ሴት ናት። እትዬ አሚናም ተፎካካሪያቸው አፍ ሲያጣ አፍ የሚሰጡ፣ ከዚያም ዘጠኝ ዓመት ዝም የሚሉ ሴት ናቸው። ይህን የት አገር ታገኛለህ?

«ባቡር የሌለው ከተማ የባቡር ዘፈን አወጣ ብንል ሰው ይስቅብናል» ያልኸውንም ልመልስልህ። የዝርዝርህን ዘፈኖች ደግመህ እያቸው። እናንተ ባቡሩ ስላላችሁ ዘገየ፣ ሞላ፣ ባሌን ወሰደብኝ ትሉታላችሁ፤ ደግም ነው። እኛ ዘንድ ሐዲዱ ተዘርግቶ መንገደኛ የሚጭን ባቡር ገና እየጠበቅን ነው። በደጅህ ያላለፈውን ነገር ግን አይተኸው እንደምታውቀው አድርገህ በግጥም ማቆም ቀላል አይደለም። ሁለቱ ሴቶች ባቡር ተሳፍረው አያውቁም። የሠሩት ዘፈን ዕድሜህን ሙሉ ትኬት ስትቆርጥ በኖርህበት ከተማ ይዘፈናል። የሚስቅ ሰው ካለ በእኛ ላይ ይሳቅ፤ እኔ አላፍርም። እማም «አትቀየምም» ላልኸው ተቀይማለች፤ የተቀየመችው ስለ ራሷ ሳይሆን ስለ አሚና ነው።

ስለዚህ በመጽሐፉ ላይ ከዘጠነኛው ዘፈን ሥር እንዲህ ተብሎ ይታተም፦ «ጥር 2009 ዓ.ም. ኮምቦልቻ በሰርግ ላይ የተዘፈነ። የገጠሙት አሚና አግማስ ከኮምቦልቻ እና ጦይባ እንድሪስ ከደሴ። ፩ኛው፣ ፪ኛውና ፬ኛው መስመር የአሚና፤ ፫ኛው፣ ፭ኛውና ፮ኛው የጦይባ ነው።» ቃል እንዳታሳጥር። የእማን የአባት ስም ልጅህ ላይ ስላወጣኸው አትሳሳተውም፤ የእትዬ አሚናን ግን ከዚህ ወረቀት ላይ እያየህ ገልብጥ።

ሸሪፋን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ልብስ ለእማ ልክ ሆኗል፣ ጁምዓ ጁምዓ ትለብሰዋለች። ልጅህን ሰላምን በፈተናዋ አብሽሪ፣ አይዞሽ ብሎሻል በልልኝ። ትንሹን እንድሪስን ሳመው። ሰይድና ዊዳድ በጣም ሰላም ይሉሃል። እማ ዱዓዋ አይለይህም፤ ጉልበትህን ታከም ብላለች፤ ይህን ጻፍልኝ ብላ አጠገቤ ቆማ ነው ያስጻፈችኝ።

ከሁለቱ ስም አንዱ የሚጎድል ከሆነ ዘፈኑን ከነጭራሹ አውጡት። መልስህን በቴሌግራም አልቀበልም። በወረቀት፣ በእጅህ ጽፈህ፣ ፈርመህበት እስከ ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ይድረሰኝ። በዚያ ቀን እትዬ አሚና ከኮምቦልቻ እኔ ቤት ይመጣሉ፤ ከእማ ጋር ተቀምጠው መልስህን እንዳነብላቸው ጠይቀውኛል።

ወንድምህ ሙዓዝ
ደሴ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.