ግንባሬ ላይ የተበሳው መንጃ ፈቃድ

ለትራንስፖርት ቢሮ የመንጃ ፈቃድ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ጉዳዩ፦ ክፍልዎ ራሱ በስቶ «ተበስቷል» ብሎ የመለሰውን የውጭ አገር መንጃ ፈቃዴን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ሦስት ጊዜ በአካል መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ ስብሰባው የሚያልቅበት ቀን ካለ እንዲያነቡት ይህን ጽፌያለሁ።

1. በምኖርበት አገር አሥራ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ። የአርባ ቀን ፈቃድ ወስጄ ወደ አገሬ የመጣሁት ለሽርሽር አይደለም። አባቴ ኩላሊቱ ሥራ ስላቆመ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ደሙ በማሽን ይታጠባል። ያመላልሰው የነበረው ወንድሜ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። ታክሲ አለ እንዳይሉኝ፤ አባቴ ከሕክምናው ሲወጣ ያስመልሰዋል፤ ሁለቱን ታክሲ አበላሸ፣ ሦስተኛው ስልካችንን አያነሳም። መኪናችን ግን ግቢ ውስጥ ቆሟል።

2. ግድግዳችሁ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ለጉብኝት የመጣ ሰው የውጭ መንጃ ፈቃዱን ከነትርጉሙ ካቀረበ የመንዳት ማረጋገጫ በዕለቱ ይሰጠዋል ይላል። እኔም ሞኟ አምኜ አቀረብኩ። ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኔ ነው።

3. የመስኮት ሦስት ሠራተኛ ትርጉሙን ተቀበሉ፣ ኮፒውን ተቀበሉ፣ ከዚያ ዋናውን ካርድ ከወረቀቶቹ ጋር ደርበው፣ ዓይኔ እያየ፣ በመብሻው በሱት። ጮህኩ። እሳቸው ክሩን እያስገቡ «እህቴ፣ እዚህ ቤት ያልተበሳ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም» አሉኝ። አንዱ ቀዳዳ በፎቶዬ ግንባር ላይ፣ ሌላው ካርዱ የሚያበቃበት ቀን ላይ አረፈ።

ፋይሉ ወደ መስኮት ስድስት ተላለፈ። እዚያ ያሉት ሴትዮ ካርዱን ወደ መብራቱ አንስተው፣ በቀዳዳው እኔን እያዩ፣ የሚያበቃበት ቀን ስለማይነበብ የጸና መሆኑን ማረጋገጥ አይቻልም አሉ። የበሳው መስኮት ሦስት ነው ብላቸው «ታዲያ መስኮት ሦስትን ጠይቂያ!» አሉኝ። መስኮት ሦስት ደግሞ ካርዱን ከሰጠኝ አገር ምትክ እንዳመጣ መከሩኝ። ምትኩ የሚሰጠው በአካል ለቀረበ ሰው ነው። እኔ እዚያ ከሄድኩ እዚህ አባቴን ማን ሊያመላልስልኝ ነው? ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሥራውን የማያውቅ ሰው አይቼ አላውቅም አልልም። አለማወቁን በክር አስሮ መደርደሪያ ላይ የሚደረድር መሥሪያ ቤት ግን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ንቄያችኋለሁ፤ ይህንንም ፋይል ውስጥ ማስገባት ይቻላል።

4. በዚህ መሃል ሕክምናው አይጠብቅም። ከወንድሜ ሌላ እናንተ የምትቀበሉት መንጃ ፈቃድ ያለው የቤታችን ሰው በሽተኛው ራሱ ብቻ ነው። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ግራ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፣ ቀኙም ከጥላ በቀር አይለይም። አምና ለአምስት ዓመት ስታድሱለት ቀና ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ካርዱ ንጹሕ ነው፣ ቀዳዳ የለበትም።

ስለዚህ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሚነዳው እሱ ነው። እኔ፣ ባለሙያዋ፣ ከጎኑ ተቀምጬ «ቀኝ፣ ቀስ፣ ቁም አባዬ!» እላለሁ። «አንቺ ዓይን ሁኚኝ፣ እግሩ የእኔ ነው» ይለኛል። ሲሄድ ይስቃል። ሲመለስ ግን ማሽኑ አድክሞት መሪውን በወጉ ማዞር ያቅተዋል። እኔም እፈራለሁ። ትናንት ረቡዕ ልጅ ያዘለች እናት ለጥቂት ሳትናት። ትራፊክ ፖሊሱ አስቆመን፤ የአባቴን ካርድ አገላብጦ አየና ሰላምታ ሰጥቶ አሳለፈን።

ስለሆነም ማረጋገጫው ዛሬውኑ እንዲሰጠኝ፣ ካርዴንም ማን እንደበሳው ለአሠሪዬ የማሳየው ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ አመለክታለሁ። «በትሕትና» የሚለውን ቃል የተውኩት ረስቼ አይደለም።

ምላሽ ካልተሰጠኝ፣ አባቴ ነገ ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በመሥሪያ ቤትዎ በር ፊት እየነዳ ያልፋል። እርስዎ መኪናዎን ማዶ አቁመው የሚሻገሩበት ሰዓት መሆኑን ከዘበኛው ሰምቻለሁ። እባክዎ ሲሻገሩ እርስዎ ይዩት፤ እሱ አያይዎትም።

ለወጉ ያህል፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የአውቶቡስ ሾፌር