ከበሩ የወጣችው ላንድሮቨር

ጥር ፲፱ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለአያ እንዳላማው፤

አያዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልህ ነው ብዕር ያነሣሁት። ከየት እንደምጀምረው ግን አላውቅም። ሁለት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ፤ ይኸኛው ሦስተኛው ነው። እስኪ መጀመሪያ ጤናህን ልጠይቅህ፣ እስከዚያ ልቤ ይረጋ ይሆናል።

እንደምን አለህ? የጅማ ዝናብ፣ የአይሱዙው ጉዞ፣ አምና ያስተኛህ ወገብህ እንዴት ናቸው? ባለቤትህ መቅዲስ ደኅና ናት? በእማዬ ስልክ ላይ ካለው ፎቶ በቀር አላውቃትም፣ ግን ሁልጊዜ ትናፍቀኛለች። ጥርስ አወጣ ያልከን ልጅህስ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ቡሬዋ ላም ወልዳለች፣ እማዬን ሳሉ ትቷታል። ያልተወን ያንተ ናፍቆት ብቻ ነው።

እንግዲህ ልናገረው። ላንድሮቨሯን ያበላሸሃት አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ስልኩ ግን የእማዬ ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘውም ጉብታው ላይ ወጥቶ በመጮህ ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቀኝ እንኳን ጮኼ ዝግ ብዬ መናገርም ይከብደኛል።

ያን ዓመት እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። አንተ አያታችንን አባባ ገዳሙን ሳታስፈቅድ መኪናዋን አስነሥተህ የጎረቤት ሙሽሮችን አደረስክ። በማግስቱ፣ እሑድ ጠዋት፣ አልነሣ አለች። ብርድ ነበር፤ ብርድ ሲሆን ፊትም እንዲህ ታደርግ ነበር። አባባ ገዳሙ ኮፈኗን ዳበስ አድርገው «ዛሬ አሟታል፣ ተዋት» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። እኔ ይህን ሰማሁ። እማዬ ከደብረ ኤልያስ ያስመጣችው ጠበል በትንሽ ጀሪካን አልጋዋ ሥር ነበር። ሲያመኝ የምጠጣውን እሷም ብትጠጣ ትድናለች ብዬ በጎኗ ያለውን የቤንዚን ክዳን ከፈትኩና ጀሪካኑን ሙሉ አጠጣኋት። አማተብኩባትም። ከዚያ እስክትድን ጎማዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።

አልዳነችም። መካኒክ ነኝ ብሎ የመጣው ሰው ኮፈኗን ከፍቶ አየና «ሞተሩ ተቃጥሏል። ማነው የነዳት?» አለ። ሁሉም ወደ አንተ ዞረ። አባዬ ያን ቀን በንዴት የተናገሩትን አንተም አትረሳውም፣ እኔም አልረሳሁትም። «ይህች መኪና በራሷ ጎማ ከዚህ በር እስክትወጣ፣ አንተ በዚህ በር እንዳትገባ! በአቦ ገዝቻለሁ!» አሉ። የአባት ግዝት በእኛ ቤት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በሳምንቱ ልብስህን በፌስታል ይዘህ ወጣህ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመትህ። ስለ ጠበሉ ለማንም አልተናገርኩም፣ ጥፋት መሆኑን አላወቅሁማ። በልጅ ልቤ ያዘንኩት ጠበሉ ሳይሠራ በመቅረቱ ነበር።

ያወቅሁት ዘንድሮ ኅዳር ላይ ነው። ሉማሜ ጤፍ ላስፈጭ ሄጄ ሳለ ወፍጮው ተንተፋትፎ ቆመ። ባለ ወፍጮው ጋሽ አበረ ከናፍጣ ማጠራቀሚያው ሥር ትንሽ በብርጭቆ ቀድቶ አሳየን። ውኃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ፣ እንደ ተጣሉ ሰዎች ተለያይተው ተኝተዋል። «ውኃ ገብቶበት ነው። ሞተር ውኃ ከጠጣ አይነሣም» አለ። አያዬ፣ እዚያው ጆንያዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሦስት ገበያ ሙሉ ልጠይቀው እየሄድኩ ሳልጠይቀው ተመለስኩ። በአራተኛው ሰው እስኪቀንስ ጠብቄ «ጋሽ አበረ፣ ቤንዚን ውስጥ ጠበል ቢገባስ?» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አንቺ የአባ ገዳሙ ልጅ! መኪናይቱን አስጠምቀሻት ኖሯል! የክርስትና ስሟን ማን አላችኋት?» አለኝ። አፌ እንዴት እንደተፈታ እንጃ፣ «እሑድ ስለነበር ወለተ ሰንበት» አልኩት። ይኸው ከዚያ ወዲህ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። ሳቁ ሲያልቅለት ግን ዓይኑን ጠረገና «ጠበል ለነፍስ ነው እንጂ ለፒስተን አይሆንም። ቢሆንም ውኃ ያቆመው ሞተር የሞተ ሞተር አይደለም። ታንከሩ ይታጠብ፣ ካርቡራተሩ ይጽዳ፣ ከዚያ እናያለን» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ፈራሁም። ለአባዬ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ታኅሣሥ እንዲሁ አለቀ።

በጥምቀት ማግስት አባዬ ራት ላይ «ረቡዕ የብረት ገዢዎች መጥተው ላንድሮቨሯን ቆራርጠው ይወስዷታል። ቦታውን ለጭድ እፈልገዋለሁ» አሉ። አስበው እስኪ። ተቆራርጣ በአይሱዙ ተጭና ከወጣች በራሷ ጎማ የምትወጣበት ቀን አይኖርም፤ ግዝቱም እንደታሰረ ይቀራል። እማዬ እየፈራች «ታዲያ እንዳላማውስ?» ብትላቸው «የተገዘተ ተገዝቷል» ብለው እጃቸውን ታጠቡ። የአባባ ገዳሙ ዓይን አሁን ከጥላ በቀር አያይም። በማግስቱ ገና ሲነጋ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሄዱና የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

እኔም በዚያው ሰኞ ሁሉም ወደ አውድማ ሲወርድ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ያስቸገረችኝ መጀመሪያ የእማዬ ዶሮ ናት፤ ከኋላ ወንበሩ ላይ አሥራ አንድ እንቁላል ታቅፋ እጄን አደማችኝ። እሷን ከነእንቁላሏ ወደ ቅርጫት አዛውሬ ከመኪናዋ ሥር ተንፏቅቄ ገባሁ። የታንከሩ ብሎን አልላቀቅ ብሎኝ ስታገል ከላይ መሪውን ይዘው ካሸለቡት ከአባባ ድምፅ መጣ። «ማነው ከሥር?» አሉ። «እኔ ነኝ አባባ» አልኩ። የቁልፉን ኳኳታ አዳምጠው «ያ ቁልፍ ይሰፋዋል፣ አነስ ያለውን አምጪ። ወደ ግራ ነው የሚፈታው» አሉኝ። ለምን እንደገባሁ እንኳ አልጠየቁኝም!

መጀመሪያ ዝገት ወረደ፣ ቀጥሎ ውኃ። ጠበል ነውና መሬት ላይ እንዲሁ ማፍሰስ ፈራሁ፤ በሳህን ተቀብዬ ሰው ከማይረግጠው ከአጥሩ ሥር ደፋሁት። ከዚያ ለአባባ ሁሉን ነገርኳቸው። መሪውን እንደያዙ ሰሙኝና «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠበል ይዤ ተቀምጬ ኖሯል እንዴ! አለመሞቴ ለካ ለዚህ ነው» ብለው ሳቁ። ቀኑን ሙሉ እሳቸው በጣታቸው እየዳበሱ ነገሩኝ፣ እኔ ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ገጠምኩ። ማክሰኞ ጋሽ አበረ መልእክቴ ደርሶት በበቅሎ ቤንዚን፣ አዲስ ካንዴላ፣ የፍሬን ዘይትና የጎማ መንፊያ ይዞ መጣ። ባትሪ ስላልነበረን የቤቱን የሶላር ባትሪ ነቀልኩ። ማኖቬላውን ከፊቷ ሰክቶ በእጁ ሲያዞረው አንድ ጊዜ አስነጠሰች እንጂ አልተነሣችም። «እሳት የሚያስጭረው ፑንቲናው ዝጓል፣ በአሸዋ ወረቀት ፈቅፈቅ አድርጊው፤ እኔ ወፍጮዬን ልክፈት» ብሎ ሄደ። ማታ አባዬ «ብርሃኑ ምን ሆነ?» ሲሉ እማዬ ከእኔ ቀድማ «ደክሞት ነው» አለች። እማዬም ሁሉን እንዳወቀች ያኔ ገባኝ።

ረቡዕ ፑንቲናውን ፍቄ መልሼ እንደገጠምኩ ብረት ገዢዎቹ መኪናቸውን ከበሩ በታች ካለው ቦረቦር ማዶ አቁመው፣ ሦስት ሆነው መቁረጫቸውን ተሸክመው ደረሱ። ጎረቤትም ለማየት ተሰበሰበ። እኔ ሰው ሲበዛ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ነበር የምስበው። ያን ዕለት እጄ ጥላሸት ስለነበር መሳብ አልቻልኩም። «አባዬ፣ አንድ ጊዜ ልሞክራት» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ ደግሜ ጮክ ብዬ አልኩት። ከብረት ገዢዎቹ አንዱ «ትንሣኤ ገና ሦስት ወር ይቀረዋል እኮ እትዬ!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። አባባ ገዳሙ ግን ከወንበራቸው «አንተ ብረት ለቃሚ፣ ዝም በል! ልጄ፣ አውራ ጣትሽን ከሌሎቹ ጋር አድርጊ፣ አለበለዚያ ትሰብርሻለች» አሉ።

አንድ ጊዜ አዞርኩ፣ ምንም። ሁለተኛ፣ ምንም። በሦስተኛው ማኖቬላው ከእጄ ተፈናጠረ፤ ከጭስ ማውጫዋ፣ ከማርሚታዋ፣ ጥቁር ጭስና የአይጥ ጎጆ አንድ ላይ ተተፋ፤ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። አያዬ፣ ያን ድምፅ ታውቀዋለህ! ግቢው ተንቀጠቀጠ። አህዮቹ ገመዳቸውን በጥሰው ሄዱ። እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው ከአውድማው ሰው መንሹን እየጣለ መጣ።

አባዬ ቀረብ ብለው «ማነው ያዳናት?» አሉኝ። ያዳነ ማን እንደሆነ ከመናገር በፊት ያሳመመ መነገር ነበረበት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከሞተሩ በላይ እየጮህኩ፣ «እንዳላማው አይደለም ያበላሻት! እኔ ነኝ፣ ጠበል አጠጥቻት ነው!» አልኩ። እስከ ዛሬ የተናገርኩት ሁሉ ቢደመር የዚያን ያህል አይጮኽም። ማንም አልሳቀም። የአባዬ ፊት ሲቀላ አየሁት። ከዚያ ወደ በሩ ሄዱና መዝጊያውን በሁለት እጃቸው እስከ አጥሩ ገፍተው ከፈቱት። «ታዲያ ምን ቆመሽ ትጠብቂያለሽ? ውጪያ!» አሉኝ።

አባባ ወንበሩን ለቀውልኝ ወደ ጎን ተሻገሩ። ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ያስያዝከኝን መሪ ለብቻዬ ያዝኩት። አንድ ጊዜ አጠፋኋት፣ እንደገና አስነሣናት። ከዚያ ወለተ ሰንበት በአራት ጎማዋ ከበሩ ወጣች። ወጣች አያዬ!

ወደ ግጦሹ ተራራ ነው የነዳኋት፣ ላሞቹ ባሉበት ቀጥ አድርጌ። አባባ በድምፅዋ ብቻ «አሁን ቁልቋሉን አለፍን፣ አሁን ድንጋዩ ይመጣል፣ ሁለተኛ ማርሽ!» ይላሉ፤ አንድም አልተሳሳቱም። ላሞቹ ማመስኳታቸውን ትተው አዩን። ነጠላዬ በመስኮት ሄደ፣ አላቆምኩም። አናቱ ላይ ስንደርስ ጮቄ ተራራ በደመና ተሸፍኖ ከፊት ለፊታችን ነበር። አባባ ክላክሱን ዳብሰው አገኙትና ለማንም ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነፉት። ከዚያ «የኔአለም፣ ሰማዩ ምን ይመስላል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ብዙ ቃል ነው የተናገርኩት፣ ራሴም ገረመኝ። ስንመለስ አባዬ መንገድ ላይ እጃቸውን ዘርግተው እንደ ተሳፋሪ አስቆሙንና ከኋላ ዶሮዋ በነበረችበት ተቀመጡ። ብረት ገዢዎቹ መቁረጫቸውን ተሸክመው ሄደው ነበር።

ትናንት የነፍስ አባታችን ቄስ ኃይለ ሚካኤል ቤት መጡ። ሁሉን ሰምተው «ቃሉ ተፈጽሟል፤ ቢሆንም እግዚአብሔር ይፍታ» ብለው ግዝቱን ፈቱ። በንዴት ለገዘቱት ለአባዬ ሰባት ቀን ስግደት ሰጧቸው፤ ዛሬ ማለዳ ሲሰግዱ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ሰምቼ አዘንኩላቸው። እኔን ደግሞ «ጠበል ያለ ቦታው እንዳታፈሺ» ብለው በመስቀላቸው ግንባሬን ነካ አደረጉኝ። አባዬ ማታ «ጻፊለት። በሩ ክፍት ነው በይው። ሌላውን ሲመጣ ከአፌ ይስማው» አሉኝ። አንተም ይቅር በለኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር ብዬ አላመልጥም፤ ካወቅሁ በኋላ የዘገየሁት ሁለት ወር የኔ ነው።

እናታችን ሥራነሽ ዓይንህን እንደምትስም ጻፊልኝ ብላለች፣ ጌሾም ወቅጣለች። አባባ ገዳሙ «ጅማ ውስጥ የዚህች ዘመን አዲስ ካንዴላ ቢገኝ አራት ያምጣ» ይሉሃል። አባታችን ይታያል እጅግ አድርገው ሰላም ይሉሃል። ጋሽ አበረ «ወለተ ሰንበት ሰላም ትልሃለች» በይው ብሎኛል። ለመቅዲ ሰላምታዬን ንገራት፣ ሕፃኑን ጉንጩን ሳምልኝ።

አስፋልት ላይ አልወጣም፣ መንጃ ፈቃድ የለኝም። ከአውቶቡስ የምትወርድበት ድረስ ግን በእርሻው መንገድ ልመጣ እችል ነበር፣ የዘንድሮ ጎርፍ ከበሩ በታች ወደ አስፋልቱ የሚወርደውን መንገድ ሰው የሚውጥ ቦረቦር ባያደርገው። ነገ የእኛ የውቂያ ደቦ ነው፤ ሃያ ሰው ይመጣል። ምሳ በልተው ከመነሣታቸው በፊት፣ እማዬን ሳልልክ፣ አባዬንም ሳልልክ፣ በመካከላቸው ቆሜ ቦረቦሩን እንዲደለድሉልኝ በራሴ አፍ እለምናቸዋለሁ። ማንም ባይነሣ አካፋዬን ይዤ ብቻዬን እጀምራለሁ።

እህትህ የኔአለም ይታያል
ከሉማሜ በላይ፣ ምሥራቅ ጎጃም