ሠላሳ ፍራሽ በአማቴ ሳሎን፦ ለሲስተም ክፍል ኃላፊ የቀረበ አቤቱታ

ለተከበሩ የፍራሽ ፋብሪካችን የሲስተም ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደተሟላ፣ በተለይም ወገብዎን ሳያምዎት፣ ከዚያ ከሚሽከረከር ወንበርዎ ሳይነሡ ይህ ጽሑፍ እንዲደርስዎ እየተመኘሁ፣ እኔ የዕቃ ክፍል ሠራተኛው በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

በቅድሚያ ስለ አዲሱ ሶፍትዌር ላመስግንዎ። ድሮ ለውጭ ወኪል ፍራሽ ስንልክ፣ እስኪሸጥ ድረስ የፋብሪካው ንብረት ሆኖ እሱ ዘንድ በአደራ የሚቆየውን ማለቴ ነው፣ ደውሎ ከሰው ጋር መነጋገር ግድ ነበር። ከዚህ መከራ ገላግለውናል። የቀሩኝን ጥቃቅን ችግሮች ግን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. በሥልጠናው ዕለት ወኪል መዝግበን እንድንለማመድ ባዘዙን ጊዜ፣ ሌላ የማምነው ሰው ቢጠፋኝ አማቴን ከሠላሳ ፍራሽ ትእዛዝ ጋር መዘገብኩ። የመለማመጃውን ገጽ ከእውነተኛው ያልለየሁት እኔው ነኝ። መነጽሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከጎኔ ወጣቶች ስለተቀመጡ ላወጣው አፈርኩ። በማግስቱ የጭነት መኪና ሠላሳ ፍራሽ አማቴ ሳሎን ውስጥ አራገፈ። ማስረከቢያ ወረቀቱ ላይ ስማቸው ስለተጻፈ ፈርመው ተረከቡ።

2. ሲስተምዎ ዕቃውን የሚመልሰው ወኪሉ ራሱ ሲያስረክብ ብቻ ነው። አማቴ ደግሞ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚሉ ሴት ናቸው። ይሽጡት ሲባሉ የሰው ንብረት አልሸጥም አሉ። ልወስደው ብሄድ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የላኪው ስም የርስዎ መሆኑን አሳይተውኝ፣ "ልጄ፣ አንተን እወድሃለሁ፤ አደራ ግን ለላከው ሰው እንጂ ለአማች አይመለስም" ብለው በሩን ዘጉብኝ።

3. ደጋግሜ ባመለክት፣ ሲስተሙ ላይ ምንም ችግር እንደማይታይ በትሕትና ገለጹልኝ። እውነት ነው፤ ችግሩ የሚታየው እኔ ቤት ነው። አማቴ መተኛ ቦታ ቢያጡ እኛ ዘንድ ገብተው ከልጃቸው ጋር አልጋዬን ይዘዋል። ዕድሜዬን ለፍራሽ የሰጠሁት ሰውዬ ሲሚንቶ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ አድራለሁ። አንዷን ፍራሽ ለማደሪያ ብለምናቸው፣ በስተርጅና አደራ በላ ሊያደርገኝ ነው ብለው አኮረፉኝ። ባለቤቴም በእናቷ ፈረደች።

ወገቤስ ይሁን። የሚያንገበግበኝ እኚህን ሴት ከገዛ ቤታቸው ያስወጣቸው የእኔ ኩራት መሆኑ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ አንድ ቀን ብቻ ከቢሮ ወጥተው፣ በአካል ተገኝተው አደራዎን እንዲረከቡና አማቴን ወደ ቤታቸው እንዲመልሱልኝ እማጸናለሁ። ፊትዎን ማየት ለሠራተኞቹም ትልቅ ዜና ይሆናል።

በአንድ እጁ ወገቡን በሌላው የኮምፒውተሩን ማውስ ይዞ የሚያገለግልዎ፣ ጎንበስ ሲል ቀና ማለት የተሳነው ታዛዥዎ፣
የዕቃ ክፍል ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ይህን እንደጨረስኩ ከሲስተምዎ የምስጋና መልእክት ደረሰኝ። አማቴ አንድም ዕቃ ያልመለሱ ብርቱ ወኪል ስለሆኑ ሁለተኛ ጭነት ተፈቅዶላቸዋል። መመሪያዎ የወኪል አድራሻ ሲለወጥ ወዲያው እንዲስተካከል ስለሚያዝ፣ እኔ ታዛዡ ባለፈው ሳምንት የቤቴን አድራሻ አስገብቼላቸው ነበር። ሹፌሩ በሬን እያንኳኳ ነው። አማቴ የሚፈርሙበት እስክሪብቶ ስለጠየቁኝ እዚህ ላይ ለማቆም እገደዳለሁ።