ከግድቡ ውጭ የቀረ ጎጆ

ሐምሌ 2፣ ጧት
የምሸጠውን ፉል ጥጄ ወጣ ስል ከጎጆዬ ኋላ ችካል! ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ማን ተከለው? ለምን ቀይ? ልጄ ሕይወት ሮጣ አይታ መጣች፤ እስከ ት/ቤቱ ድረስ ተደርድሯል አለች። ድንበር ተሻግሬ በኖርኩባት ሀዋታ ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር! ስዞር ፉሉ አረረ።

ሐምሌ 3
ነገሩ ተገኘ፣ ማስታወሻዬ። መንግሥት ለራሃድ ወንዝ ጎርፍ የአፈር ግድብ ሊሠራልን ነው። ማሽኑና ነዳጁ ከእሱ፣ ጉልበቱ ከእኛ። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ጎረቤቴ ሐጃ ዓሻ መስመሩን በጣቷ አሳየችኝ። ግድቡ ከኋላዬ፣ ወንዙ ከፊቴ። የኔ ጎጆ ብቻ ከውሃው ጋር ሊቀር! ሟቹ ባሌ በእጁ የሠራው ጎጆ።
ጎርፉስ ከኛው አገር ተራራ አይደል የሚወርደው? እዚህም ተከትሎኝ መጣ።

ሐምሌ 5፣ ከቀኑ 6 ሰዓት
መሐንዲሱ መጣ። ባሽሙሃንዲስ ይሉታል፤ ጢሙ ገና ያልጠና ልጅ። መስመሩን ትንሽ ጠምዘዝ አድርግልኝ ብዬ ለመንኩት። ስናደድ ዓረብኛው ይጠፋብኛል፤ ሕይወት ደገመችልኝ። ከጠመዘዝነው ውሃው እዚያው ላይ ይጥሰዋል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይሄዳል አለ። አላመንኩትም።
ግን ያ ባለሦስት እግር መሣሪያ! ምን ይታይበታል? አላስችል አለኝ፤ ልየው አልኩት። ሳቀና ፈቀደ። ጎጆዬ ቀርባ መጣች፣ የበሩ ምስማር ሳይቀር። በመሣሪያው መስታወት ውስጥ እላይዋ ላይ ቀጭን መስመር። ምንድነው? እናንተ ወደዚህ ሳትመጡ በፊት ጎርፉ የደረሰበት ልክ ነው አለኝ። ከበሬ በላይ ነው! በስመ አብ።

ሐምሌ 8
ማሽኑ ከሁለቱም ወገን አፈር እየቆለለ መጥቶ እኔ ጋ ቆመ። ጎጆዬ ካልተነሳ አይዘጋም። ከክፍተቱ ጀርባ የሐጃ ዓሻ ልጆች ይተኛሉ። እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ፉል ገዝታ ሄደች። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ሐምሌ 9፣ ማለዳ
ሐጃ ዓሻ ጋ ሄጄ ጎጆዬን ባነሳስ ብዬ ጠየቅኳት። ጣሪያው ሲፈርስ ሣሩ አይበተንም ወይ? ሳቀችብኝ። ማን ያፈርሰዋል፣ እንዳለ ይሸከሙታል እንጂ! እንዳለ? የቱን ይዘው? አንቺ ፉል ቀቅይ፣ እኔ ነፊር እጠራለሁ አለች። የኛ ደቦ ማለት ነው። እሺ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ
ጣሪያዬ በክፍተቱ በኩል ወደ ሰፈሩ እየሄደ ነው! ወንዶቹ ከሥሩ ገብተው ተሸከሙት፤ እግራቸው ብቻ ይታያል። ሕይወት ከፊት ከፊት እየዘለለች። እኔም ሳቅሁ።
ዞር ስል ግድግዳው ራቁቱን ቆሟል። ጭቃው ላይ የባሌ ጣቶች፣ ሲመርገው የተዋቸው። እነሱን ማን ይሸከማቸዋል? አለቀስኩ።
ማሽኑ ተነሳ። ቆይ ይበሉት። ቢላዋ ይዤ ልሂድ፤ ጣቶቹ ያሉበትን ልፈልቅቅ።