አራቱንም ማስገቢያ ስለሞሉልን

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ በጠረጴዛዎ ላይ ያለው ኮምፒውተርም እንደ ፈቃድዎ የሚታዘዝ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በቃለ ጉባኤ ክፍል የምትሠራው ዓይነ ስውር ጸሐፊ እናት ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ልጄን አድርሼ፣ ማታ ይዣት እስክመለስ ድረስ በመግቢያው አግዳሚ ላይ መጽሐፍ ይዤ የምቀመጠው እኔ ነኝ። በየቀኑ በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላምታ ባለመስጠትዎ አልተቀየምኩም፤ ዝም ያለ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ቁሳቁስ ጋር ቢቆጠር አይገርምም። ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ ያለ አስተማሪ ስለሆነ በጽሑፌ ግድፈት ቢያገኙ እንደ ልማድዎ በታላቅ ትዕግሥት ይለፉልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሚሞሪው ውሳኔዎ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ልጄ የስብሰባ ቅጂዎችን እያዳመጠች ትጽፋለች፤ የጻፈችውን ደግሞ ኮምፒውተሩ በጆሮ ማዳመጫዋ ያነብላታል። ይህ ሥራ ስለከበደው የኮምፒውተር ጠጋኙ ሁለት አዲስ ሚሞሪ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚሠራውን ለጊዜው የሚይዝባቸው ቀጫጭን ሰሌዳዎች፣ እንዲገዙ ጠየቀ፤ መጠናቸውም ፍጥነታቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ቀለማቸው በሚመሳሰል ሁለት ማስገቢያዎች እንዲሰኩ፣ የቀሩት ሁለት ማስገቢያዎች ግን ባዶ እንዲሆኑ አሳሰበ። ሁለቱ ተገዝተው በመጡ ዕለት እርስዎ በሠራተኛው ፊት ክዳኑ የተከፈተውን ኮምፒውተር ጎንበስ ብለው ተመለከቱና፣ ባዶ ቦታ እያለ ሁለት ብቻ መሰካት ቤት ሠርቶ ግማሹን እንደ መቆለፍ ነው፣ በእኔ ዘመን ባዶ ቀዳዳ አይታይም አሉ። ጭብጨባው እኔ እስከተቀመጥኩበት አግዳሚ ተሰምቷል። ወዲያው የንብረት ኃላፊው ወደ ዕቃ ቤት ወርዶ፣ ከሞቱ ኮምፒውተሮች ሆድ አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ነቅሎ አመጣ። ጠጋኙ ፈረስና አህያ በአንድ ቀንበር አይጠመዱም፣ ፈጣኑ በዘገምተኛው እርምጃ ነው የሚሄደው፣ ከዚያም አልፎ ይጣላሉ ቢልዎ፣ አንተ ብሎንህን አጥብቅ ብለው መለሱለት። ምሳሌው የሚሞሪ ብቻ መስሎዎት ከሆነ፣ ኮሚቴዎ ሲሰበሰብ አንድ ቀን ዙሪያዎን እንዲመለከቱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ ዕለት ጀምሮ በሥራ መሐል ድርቅ ይላል። ዓይን ያለው ሰው ሲደርቅ አይቶ እጁን ይሰበስባል። ልጄ ግን ድምፁ የዘገየ እየመሰላት፣ ምንም በማይቀበል ማሽን ላይ ገጽ ሙሉ ስትጽፍ ትቆያለች። አጠገቧ የምትቀመጠው መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ እህቴ ለሬሳ ነው እንዴ የምትጽፊው ብላ ብትቀልድባት፣ ልጄም ሬሳማ ቢሆን ወግ ነበረው፣ ይቀበር ነበር ብላ መለሰችላት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ወደ ቤት ስንሄድ ግን የጠፋባትን ገጽ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሏ ትደግመው ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ንብረት ኃላፊዎ ትጋት ነው። አንድ ቀን ጠጋኙ በምሳ ሰዓት ሁለቱን አሮጌ ሚሞሪዎች ነቅሎ አስቀመጠላት። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ አንዴም ሳይደርቅ ዋለ፤ ልጄም የተጠራቀመውን ሥራ ጨርሳ እያንጎራጎረች ወጣች። በማግስቱ የንብረት ኃላፊው ክዳኑን ከፍቶ ባዶውን ባየ ጊዜ ሌባ እንደ ገባበት ሰው ጮኸ፤ ንብረት ጎድሏል ተባለ፤ ጠጋኙ ተግሣጽ ተቀበለ፤ ሚሞሪዎቹም በክብር ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ደኅና ይሠራ የነበረን ነገር ጎደሎ ነው ብሎ ማበላሸት ለሁሉም የሚሰጥ ጸጋ አይደለምና እንኳን ደስ አላችሁ።

የመጨረሻውን ለመጻፍ ግን ምስጋና አነሰኝ። ልጄ ሥራ በማጓተትና ጽሑፍ በማጥፋት በሚል በፊርማዎ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል። ሦስተኛው ስንብት እንደሆነ ያውቃሉ። ቤታችን የቆመው በእሷ ሥራ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን፣ አትችልም ያሏትን ሁሉ ዝም ያሰኘችው በዚህ ሥራ ነው። እኔ የራሴ የሆነ ጥፋት ለብዙ ዘመን ተሸክሜ የኖርኩ ሴት ነኝ። በዚህች ልጅ ላይ ያለብኝን ዕዳ እኔና እሷ እናውቀዋለን፤ ለእርስዎ የሚነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ሸክሙን ስለማውቀው፣ የአንዱ ጥፋት በሌላው ትከሻ ላይ ሲጫን ከሩቅ እለየዋለሁ። ይህ ጥፋት የእርስዎ ነው። ቢከብድዎትም ይያዙት፣ ይለመዳል።

የምለምነውም ቀላል ነው፤ ሁለቱ አሮጌዎች ይነቀሉ፣ ማስጠንቀቂያዎቹም ይነሡ። አንዱ ብሎን መፍቻ፣ ሌላው እስክሪብቶ ብቻ ይጠይቃል። ኮሚቴ ማቋቋም ግድ ከሆነ፣ እባክዎ አባላቱ ጥቂት ይሁኑ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ሥልጣንዎ እንዲሰነብት፣ ማስተዋልም እግረ መንገዱን እንዲጎበኝዎ የምመኝልዎ፣

አክባሪዎ
የጸሐፊዋ እናት

ማሳሰቢያ፦ ልጄ ይህ ደብዳቤ እንዳይወጣ፣ እማዬ በእግዜር ተይው፣ ጭራሽ ያባርሩኛል ብላ ለምናኝ ነበር። ትናንት ሐሳቧን ለውጣ፣ አንብቢልኝ ብላ እየሰማች በብሬል ገለበጠችው። ስለዚህ የደብዳቤውን ቅጂ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያየው በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እሱን ለማንበብ ሥራ ከበዛብዎ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥታ በጣቷ እያነበበች ልታሰማዎ ተዘጋጅታለች። እርስዎ መስማቱን ብቻ ይለማመዱ።