የቆመ ሰው ድምፅ

ለውድ ወንድሜ ለቤኒ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እናንተ ጋ ብርዱ አሁን ነው አሉ፤ የምትደርበው አለህ? ያ ጀርባህን የሚያምህስ ተሻለህ? በስልክ ስጠይቅህ «ሁሉም ሰላም ነው» ብለህ ስለምትጠቀልለው ነው አንድ በአንድ የምጠይቅህ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ይህችን ዓረፍተ ነገር እጄ በራሱ ጊዜ ጻፋት። ልሰርዛት አስቤ ተውኳት፤ ግማሿ እውነት ነውና።

ዝናቡ ዘንድሮ ጠንክሯል። ዳሞታ በጉም ከተሸፈነ ሰነበተ። እዚያ ተራራ መኖሩን ድሮ ስላየነው ብቻ ነው የምናምነው።

ለምን አትደውዪም ትል ይሆናል። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ በአንዱ ክፍል የተነገረ በሌላው ይሰማል። እማዬ ደግሞ ሁሉንም ትሰማለች። መጋቢ ይስሐቅን ጆሃንስበርግ ያሉ የሐበሻ ምእመናን ጋብዘዋቸው ሊሄዱ ነው ሲባል ስሰማ በእሳቸው እጅ ልላክለት አልኩ። እሳቸው ፊት አትክፈተው።

ነገሩ የእማዬ ዓይን ነው። አታይም። በቀኟ ምንም፣ በግራዋ ብርሃንና ጥላ ብቻ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልነገረችንም፣ እኛም አላወቅንም። እኔም ጭምር፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት እያየሁ እንጀራዬን የምበላው።

ለፋሲካ የላኩልህን ፎቶዋን አስታውሰው፤ ዱንጉዛዋን ለብሳ ከእንሰቱ ፊት የተቀመጠችበትን። ፎቶ ቤት ወስጄ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኩትና እንደማንኛውም ደንበኛ ፊቷን አጎላሁት። የዓይኗ ጥቁር ላይ ነጭ ነገር ነበር። የፍላሽ ነጸብራቅ መሰለኝ። የሙሽራ ብጉር እንደማጠፋው አጠፋሁት፤ ከአጠገቡ ጥቁር ወስጄ ሞላሁት። አንተም «የእማዬ ዓይን ወጣት ሆኗል» ብለህ ጻፍክልኝ። ደስ አለኝ። በሽታዋን ከሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ፣ ቤኒ። አይቼ ጠረግሁት።

ሰኔ ላይ ያንተ አዲሱ ፎቶ መጣ። ስልኩን ሰጠኋት። እጇ እስኪገባ ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር። ጥቁሩን መስታወት በአውራ ጣቷ ጠረገች፣ ወደ ፊቷ አስጠጋችው፣ «ወፍሯል፤ ጉንጩ ሞልቷል» አለች። ሳመችው። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? «አዎ፣ ወፍሯል» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ ያለፈው ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ። ባሌ ተሻገር የዝናብ ካፖርቱን በረንዳ ላይ የሰቀለ ዕለት፣ እማዬ «ግቡ እንጂ፣ ዝናብ ላይ ምን ያቆማችኋል?» ብላ ካፖርቱን ጋብዛው ነበር። ተሻገር እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እሷም አብራን ሳቀችና «ከባለቤቱ ካፖርቱ ይሻላል፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል» አለች። ጨዋታ አዋቂ ናት ብለን አለፍነው።

ጓሮ እንሰቱ መሃል አግኝቼ ስለ ዓይኗ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥላ ለቤኒ ትንፍሽ እንዳትዪ አለችኝ። ቢሰማ ሥራውን ጥሎ ይመጣል ብለሽ ነው ወይ አልኳት። «አይመጣም። መምጣት የማይችል ሰው ነው» አለች። በእኛው ቋንቋ ነው ያለችው፤ በአማርኛ ስጽፈው ይለሰልሳል። ሱቅ አለው፣ መኪና አለው፣ ታዲያ ምን ይይዘዋል ብላት፣ ቅጠሉን በእጇ እየዳበሰች እንዲህ አለችኝ፦ «ሲያወራኝ ቆሞ ነው። የተቀመጠ ሰው ድምፁ ከሆዱ ይወጣል፣ የቆመ ሰው ከደረቱ። ሰው በአጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ይውጣል። ሱቅ ያለው ሰው እንዴት ወንበር ያጣል?»

እኔም አይቼ ነበር። አምና ከመኪናው ጋር የተነሳኸውን ፎቶ፣ አሳድጌ አሳትሜ በበሩ ትይዩ የሰቀልኩትን። የሸሚዙ እጅጌ ጣትህ ድረስ ይወርዳል። ከማሸጊያው ሲወጣ የነበረው እጥፋት አልተተኮሰም። እጅህን መኪናው ላይ አላሳረፍክም፤ እንደ ሰው ዕቃ አስጠግተኸዋል ብቻ። ይህን ሁሉ አይቼ ምን አደረግሁ? ብርሃን ጨመርኩበት። ጎረቤታችን እታፈራሁ በመጣች ቁጥር «መኪናው እውነት የራሱ ነው?» ትላለች፤ እማዬም «ታዲያ ያንቺ ነው?» ትላታለች።

ምናልባት እማዬ ተሳስታ ይሆናል። ምናልባት ቆሞ ማውራት ልማድህ ነው። እኔንም ምናልባት ሙያዬ አበላሽቶኝ ነው። ሰሞኑን ሥራ አልሆነልኝም። ፊት አጎላለሁ፣ እጄ ይቆማል። ጥርሱን ያሳየ ሁሉ ስቋል? ተሻገር እራት ላይ ሲጫወት አፍጥጬ አየዋለሁ፤ ምን ሆንሽ ይለኛል፤ ምንም እለዋለሁ፤ ያምነኛል። ማመኑ ደግሞ ያስፈራኛል።

ሐኪም አሳይተናታል። ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ታያለሽ ብሏታል። ቀጠሮዋ መስከረም ላይ፣ የጊፋታ በዓል እንዳለፈ ነው። እሷ ግን እሺም እምቢም ሳትል ሰነበተች። ምላጩን የፈራች መስሎን ነበር። በመጨረሻ ተናገረችው፦ «የምፈራው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰውዬ ነው። ዓይኔ ሲበራ እንደናንተ እሱን አይቼ አምናለሁ፤ ልጄን መስማት እተዋለሁ።» እሱን ካላወረድሽ አልሄድም አለች።

ትናንት አወረድኩህ። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። እታፈራሁ ገና ከመግባቷ «ልጁ የት ሄደ?» ብትል፣ እማዬ «ልብሱን ሊቀይር» አለቻት።

እንግዲህ ቤኒ፣ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አንተን ነው። ባዶ ምስማር ላሳያት አልችልም፣ ያንን ሰውዬም መልሼ አልሰቅለውም። ተቀምጠህ ፎቶ ተነሳ። ሳጥን ላይም ይሁን፣ መሬት ላይም፣ እዚያው የምታድርበት። በራስህ ልብስ። ከስተህም ከሆነ ከስተህ። ላክልኝ፤ አልነካውም። ብርሃን እንኳ አልጨምርበትም። ሱቁም መኪናውም እውነት ከሆኑ ሳቅብን፤ ግን ተቀምጠህ ሳቅ።

ተሻገር በጣም ሰላም ይልሃል። ልጄ ህብረት የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ አጎቴ ሳይመጣ እንዳይበቅል ብላ በምላሷ ስትነካካው ትውላለች። እታፈራሁ ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ስለ መኪናውም ጠይቂልኝ ብላለች። እማዬ ሰላም አላለችህም፤ እየጻፍኩልህ መሆኑን አታውቅም።

እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አሁን ዝናቡ አባርቶ ቆርቆሮው ዝም ሲል፣ ከወዲያኛው ክፍል «ምን ብለሽ እየጻፍሽለት ነው፣ ብዕርሽ ቶሎ ቶሎ የሚቆመው?» አለችኝ።

እህትህ ሜላት
ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 2017 ዓ.ም.