ተከፍቶ የተሳለው በር

ማሴሩ፣ ቅዳሜ

ወንድሜ ሌትላትሳ፣

አራት ዓመት የደበቅሁህን ልንገርህ። የፋብሪካውን ቃጠሎ መታሰቢያ ሙዚየም ፕላን በቤተሰቦቹ ተወካይነት የፈረምኩት ምንም ሳይገባኝ ነው። አርክቴክቱ «ገባዎት አባባ?» ሲለኝ የሟቾቹ ቤተሰቦች ሁሉ ያዩኝ ስለነበር አፈርኩና «በደንብ!» አልኩ። በሩ ወረቀቱ ላይ ተከፍቶ ስለተሳለ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆን መስሎኝ ነበር።

ትናንት ተመረቀ። በዚህ ፖስት ካርድ ላይ የምታየው ጥቁር በር ከኋላችን ተዘጋና ጨለመ። ባለቤቴ ማሊኔኦና ጓደኞቿ የተቃጠሉት ስፌት ፋብሪካው ተቆልፎባቸው አይደል? ያንን ጎብኚው በራሱ ላይ እንዲያየው ነው አሉ! እህቷ ማፑሌንግ በሩን እየደበደበች «ክፈቱልኝ!» ስትል ደሜ ፈላ። እኛ መንደር የለቅሶ ቤት በር በማን ላይ ተዘግቶ ያውቃል?

«ዋናው ሐሳብ እኮ እሱ ነው አባባ፤ ደግሞም እርስዎ ፈርመዋል» አለኝ አርክቴክቱ።

«እናትህ ውስጥ ብትሆን ትዘጋባት ነበር?» አልኩት። ስልኩን መነካካት ጀመረ።

እሱን ብቻ መቆጣት ግን ቀላል ነው፤ እጄም አለበት። ዛሬ ጠዋት ጸልዬ፣ ካቻቢቴ ይዤ ሄድኩ።

«ምን እያደረጉ ነው አባባ?» አለኝ ጥበቃው።

«ፊርማዬን እያነሣሁ።»

ሳቀና «ብቻዎን አይችሉትም፤ ልያዝልዎት» አለ።

ካርዱ ሞላብኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ፣ ማንበቡ አይቀርምና ለደብዳቤ አመላላሹም ሰላም በልልኝ። ማፑሌንግ ትናንትናውኑ እያለቀሰች በአውቶቡስ ወደ መንደር ተመልሳለች። ሄደህ ንገራት፦ በሩን ከነማጠፊያው ነቅዬ ደጁ ሣር ላይ አጋድሜዋለሁ።

ሞሌፊ